በቆሎ እግር የለውም

እንግዳ ወደ መንደራችን ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የሶላር ሰሌዳው ነው። መኪናቸውን ማንጎው ሥር ያቆማሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ፣ ከዚያ አማርኛ ትችላለች ተብዬ እኔ እጠራለሁ። «ሶላሩ ሕይወታችሁን ለውጦታል?» ይሉኛል። «ለውጦታል» እላለሁ። ይጽፋሉ፣ ያመሰግናሉ፣ አቧራቸውን አስነሥተው ይሄዳሉ። እንዴት እንደለወጠው ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም። እናንተ ጊዜ ካላችሁ ቁጭ በሉና አንድ ቀን ላውራችሁ። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ በኋላ እንዳትቀየሙኝ ከወዲሁ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ሰዓዳ እባላለሁ። እናትና አባቴ በድርቁ ዘመን ከወሎ ተጭነው የመጡ ሰፋሪዎች ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ባሮ ዳር ተወለድኩ። መንደራችን ከኢታንግ መንገድ ወደ ወንዙ ገባ ብላ ያለች ናት። ከላይ በኩል እኛ ሰፋሪዎቹ፣ ከታች በኩል አኙዋዎቹ እንኖራለን፤ መሐላችን ላይ ያለው አንድ ትልቅ ማንጎ ብቻ ነው። ያኔ ባለቤቴ ሙሄ ወርቅ ፍለጋ ዲማ ወርዶ ነበር። አንዳንድ ወር ይደውላል፣ አንዳንድ ወር ድምፁ ይጠፋል። እኔ ልጆቼንና አንዲት ቁራጭ የበቆሎ ማሳ ይዤ ቀርቻለሁ። ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ ጨርቅ የምጠልፍ፣ አፌን የማልከፍት ሴት ነበርኩ። ይህን የምላችሁ አሁን የሚያውቁኝ ሰዎች ሲሰሙት ስለማያምኑ ነው።

የማሳ ጎረቤቴ አቻን ነበረች። አኙዋ ናት፤ ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ስትስቅ ወንዙ ማዶ የምትሰማ። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያናቸው ከበሮውን የምትመታው እሷ ነበረች። ባሏ ኡጁሉ የፓምፑ ጠባቂ ነው። የእኔና የእሷ ማሳ ውሃ የሚጠጣው በአንድ ቦይ ስለነበር ተራችን ሲደርስ አብረን እንገባለን፣ ጭቃውን አብረን እንዝቃለን። እኔ አማርኛዋን አርምላታለሁ፤ እሷ ደግሞ እኔ አኙዋኛ ስሞክር ሆዷን ይዛ ትስቅብኛለች።

ሶላሩ ከመምጣቱ በፊት ውሃ የምንቀዳው ከባሮ ነበር። ባሮ ውስጥ አዞ አለ። ይህ ለእኛ ወሬ አይደለም፤ ከተማ ውስጥ መኪና አለ እንደማለት ነው። ስለዚህ በየበጋው ወንዙ ጎደል ሲል ወንዶቹ አንድ ቀን ይቆርጡና መቅጃውን ያጥራሉ። ግማሹ ጫካ ገብቶ እንጨት ይቆርጣል፣ ግማሹ ወገቡ ድረስ ውሃ ውስጥ ቆሞ ግንዱን ይተክላል። በግንዶቹ መሐል እሾህ ይጠላለፋል። ሴቶች የሚቀዱት ከአጥሩ ውስጥ ብቻ ነው። ሥራውን ለአባቶቻችን ያስተማሩት አኙዋዎቹ ናቸው። ክረምት ላይ ወንዙ ሞልቶ ጠርጎት ይሄዳል፣ በበጋ እንደገና ይተከላል።

ቧንቧው ከመጣ በኋላ ማን ይትከለው? መቅጃው የሚሄድበት አልነበረም። የመጀመሪያው ክረምት ግማሹን ወሰደ፣ የሚቀጥለው የቀረውን። እኔ በበኩሌ ዞር ብዬም አላየሁት። ያንን ዳገት በጄሪካን ከመውጣት ተገላግያለሁ፣ ደስታዬን ልደብቃችሁ አልችልም።

አሠራሩ ቀላል ነበር። ሰሌዳው ለፓምፑ ጉልበት ይሰጠዋል፤ ፓምፑ ወንዙ ዳር ከተቆፈረው ጉድጓድ ስቦ ታንከሩን ይሞላል፤ ከታንከሩ አንዱ መስመር ወደ መንደር ቧንቧ፣ አንዱ ወደ ማሳ ይሄዳል። ከሰሌዳው አጠገብ ባለችው ክፍል ግድግዳ ላይ ስልክ የምንሞላባቸው ሶኬቶች አሉ። ጠዋት ለመጠጥ፣ ከሰዓት ለማሳ፣ ስልክ ቀኑን ሙሉ። ፀሐይ እስካለች ድረስ ሁሉም ይበቃል። ጋምቤላ ፀሐይ ታጥራለች ብሎ ማን ያስባል?

የዚያን ዓመት አጠረች። እዚህ በበጋ ሳር ይቃጠላል፤ ለከብት ለምለም እንዲወጣ፣ ለአደን፣ እባቡም ከደጅ እንዲርቅ። ሁልጊዜ የነበረ ነው። የዚያን ዓመት ግን ሳሩ ረጅም ነበር፣ ነፋሱም ጠፋና ጭሱ እላያችን ላይ ተኛ። ፀሐይዋ ቀይ ሆና ወጥታ ቀይ ሆና ትገባለች። አመዱ ሰሌዳው ላይ ይወርዳል፣ ኡጁሉ ተንጠላጥሎ በጨርቅ ይጠርገዋል፣ ከመውረዱ ተመልሶ ይሸፍነዋል። ፓምፑ ያቃስት ጀመር። በቆሎው ደግሞ አበባ ማውጣት ጀምሯል። በቆሎ የዘራ ሰው ያውቀዋል፤ በዚያ ሰሞን ውሃ ከጎደለው አገዳው ቆሞ ይቀራል እንጂ ፍሬ አይዝም። የዓመቱ ቀለባችን ደግሞ እሱ ነበር፤ ሌላ ተስፋ አልነበረንም።

ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሸህ ይመር ናቸው፤ ከአባቴ ጋር በአንድ መኪና ተጭነው የመጡ፣ ቁጡ፣ ግን ልባቸው የማይዋሽ ሽማግሌ። ኡጁሉ መሐል ገብቶ ቆመ።

«ሁለቱን አይችልም» አለ። «ወይ ቧንቧ፣ ወይ ማሳ። ጭሱ እስኪሄድ ድረስ።»

 ሸህ ይመር በትራቸውን መሬት ላይ ቸክለው፣ «እንግዲህ ተናገሩ፤ ዝም ብላችሁ የምትውሉ ከሆነ እኔም ማሳ አለኝ» አሉ።

የተነሣችው አቻን ናት። ልብሷን አራገፈችና ከሁላችንም በላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ምን ያስጨንቃል? እኛ እግር አለን። ወንዝ እንሄዳለን፣ ውሃ እናመጣለን። በቆሎ እግር የለውም። እሱ ወንዝ መሄድ አይችልም። ውሃውን ለእሱ ስጡት።»

ከዚያ በራሷ ቋንቋ ደገመችው፤ የታችኛው መንደር ሴቶች ሳቁና አጨበጨቡላት። ሸህ ይመር ሳይቀሩ ጢማቸውን እየዳሰሱ ፈገግ አሉ። «ይቺ ሴት ከኛ ከወንዶቹ ትሻላለች» አሉ። «የሚቃወም አለ?» አልነበረም። ኡጁሉ የስልክ ሶኬቶቹም ይነቀሉ፣ ትንሿም ጉልበት ለፓምፑ ትጨመርለት አለ። እሱም ጸደቀ። በቆሎው ካልያዘ ለማን ልንደውል ነው ብሎ የቀለደ ሰው ነበር፤ ሳቅንለት።

ስለ አጥሩ አንድም ሰው አላነሣም። አሁን የሚሰማ ሰው እንዴት ይረሳል ይላል። እንዲህ ነው የሚረሳው፤ እጅህን ዘርግተህ ቧንቧ ስትከፍት ስትውል የድሮው መንገድ እንደነበረ የሚጠብቅህ ይመስልሃል።

ከስብሰባው በኋላ ጥቂት ቀን ቤት ያጠራቀምነውን ውሃ ጠጣን፤ ሲያልቅ ወንዝ በተወረደበት በመጀመሪያው ቀን የማሳ ውሃ ተራው የእኔና የአቻን ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ማለዳ በቡድን ወንዝ ወርደው ቀድተው ተመልሰዋል። እኛ ቦይ ስንከፍት ስንዘጋ አረፈድን። ውሃው ወደ አገዳው ሥር ሲገባ መሬቱ እንዴት እንደሚጠጣው ብታዩ። አቻን እጇን ጭቃው ውስጥ ከትታ፣ «ስሚው፣ እየዋጠ ነው» ትለኛለች። ሁለታችንም ጭቃ ለብሰናል፣ ደስ ብሎናል። የእኔ ማሳ ሲጠግብ ውሃውን ወደ እሷ ለቅቀን ጄሪካናችንን አንጠልጥለን ወደ ወንዙ ወረድን።

«ባልሽ ወርቅ አገኘ?» አለችኝ መንገድ ላይ።

«ወርቁ እሱን አግኝቶት ይሆናል፤ ከደወለ ስንት ጊዜው።»

«ኡጁሉን ውሰጂው በቃ። ሲያንኮራፋ እንደ ፓምፑ ነው፣ ቤቱ ባዶ አይመስልሽም።»

እየሳቅን መቅጃው ደረስን። ከአጥሩ የቀረው እዚህም እዚያም የቆመ ጥቂት የበሰበሰ ግንድ ነው። አሸዋው ላይ የማለዳዎቹ ሴቶች ዱካ ይታያል። ውሃው ዝም ያለ፣ ከጭሱ የተነሣ ቡናማ ነበር።

«አጥሩ የለምኮ» አልኳት።

«ሌሎቹ ቀድተው ሄደዋል። ምንም አልሆኑም» አለች። እንዲህ ስላችሁ ግን ግድ የለሽ ነበረች ብላችሁ እንዳታስቡ። የዓሣ አስጋሪ ልጅ ናት። ቁጢጥ ብላ ውሃውን ብዙ ቆየች ስታየው። ጓል ወረወረች፣ እንደገና አየች። ረጅም እንጨት ፈልጋ የውሃውን ፊት መታችው፣ ጠበቀች። ከዳሩ ያለው ውሃ ደፍርሶ ጭቃ ስለሆነ ጥሩውን ለመቅዳት ገባ ማለት ያስፈልጋል። ልከተላት ስል በእጇ ከለከለችኝ።

«አንቺ እዚያው ሁኚ። የእናንተ ሰዎች ውሃ ማየት አትችሉም።»

ጉልበቷ ድረስ ገባች። የእኔን ጄሪካን ቀድማ ሞላችና ወደ እኔ ገፋችልኝ፤ ጎትቼ አሸዋው ላይ አወጣሁት። ከዚያ የራሷን አጠለቀች። ጄሪካኑ ውሃ ሲጠጣ የሚያሰማው ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። እኔ ክዳኔን እያጠበቅኩ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ።

«ሰዓዳ» አለችኝ።

አልጮኸችም። ቤት ውስጥ ጨው አቀብዪኝ እንደሚል ሰው ነው የጠራችኝ። ዞር ስል ውሃው ውስጥ ተቀምጣለች። ፊቷ ላይ የነበረው መገረም ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፣ ውሃው ደረቷ ላይ ደረሰ።

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። ክንዷን በሁለት እጄ ያዝኩ። ከወዲያ በኩል የሚጎትተው ነገር አይቸኩልም፤ ዝም ብሎ ይይዛል፣ ትንሽ ይጎትታል፣ እንደገና ይይዛል። ከበሰበሱት ግንዶች በአንዱ ላይ እግሬን አስደገፍኩ። እሱም ሊነቀል ይወዛወዛል፣ ግን ያዘኝ። ያረቢ፣ ያረቢ ስል ይሰማኛል፤ ራሴን ከውጭ እንደሚሰማ ሰው። አቻን በሌላ እጇ ከታች ትመታለች፣ ዓይኑን ትፈልጋለች፣ በቋንቋዋ የሆነ ነገር ትላለች። አንዴ ጠቅላላ ጠለቀች። ክንዷን አልለቀቅኩም። ብቅ ስትል ውሃ ተፋችና ዓይኔን አየችኝ፤ «እንዳትለቂኝ» አለች።

«አልለቅሽም።»

ኡቦንግ የሚባል ዓሣ አስጋሪ ጩኸቴን ሰምቶ ወንዙ ከሚታጠፍበት በኩል በታንኳ መጣ። ቀዛፊ እንደዚያ ሲቀዝፍ አይቼ አላውቅም። ቀረብ ሲል ቆመና የዓሣ ጦሩን ሁለቴ ሰደደው፤ አንዴ ውሃ ወጋ፣ አንዴ ሌላ ነገር። ወንዙ እንዳለ ተገለበጠብን። ከዚያ በድንገት ክንዷ ቀለለኝና ሁለታችንም አሸዋው ላይ ወደቅን።

እግሯን አየሁት። ከጭኗ ወደ ታች ያለውን ላወራላችሁ አልፈልግም። ሻሼን አውልቄ ከላይ በኩል አሰርኩት፣ ኡቦንግ በእንጨት ጠመዘዘው። ደሙ ቀነስ አለ፣ አልቆመም። አቻን ሰማዩን እያየች በፍጥነት ትተነፍሳለች። አሸዋው ደሙን ሲጠጣ አየሁና ቅድም ማሳው ውስጥ ስሚው ያለችኝ ትዝ አለኝ፤ ፊቴን አዞርኩ።

ኡጁሉ ከፓምፑ በኩል እየሮጠ መጣ። ከኋላው ሰው ተግተለተለ። እሱ ሚስቱን አየ፣ ተንበርክኮ ግንባሯን ነካት፣ ከዚያ ተነሥቶ ዙሪያውን ሰው ላይ ዓይኑን አንከራተተ።

«ስልክ» አለ። «ማን ስልክ አለው?»

ሁሉም ኪሱን ዳበሰ። ስልክማ ሁሉም ነበረው። አንዱ አውጥቶ ተጫነው፣ ጥቁር ነው። ሌላዋ ከደረቷ አወጣች፣ ጥቁር። አንድ ልጅ እግር፣ የእኔ ትናንት ነው የጠፋው አለ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ ባለ ድምፅ። ከመንደራችን እስከ ዋናው መንገድ በእግር ብዙ ነው፤ ከዋናው መንገድ እስከ ጋምቤላ ሆስፒታል ደግሞ ያለ መኪና የሚታሰብ አይደለም። እዚያ ሁሉ ሰው መሐል የሚሠራ ስልክ አልነበረም። ሶኬቱን ራሳችን ነቅለነዋል፣ በአንድ ድምፅ።

ኡጁሉ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ ሮጠ።

እኔ የአቻንን ራስ ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። ከላይ ከማሳው በኩል የሸህ ይመር ድምፅ መጣ፤ ቦይ ላይ ነበሩ፣ ምንም አልሰሙም። ዳገቱን እየወረዱ ይቆጣሉ። «ማነው ውሃውን የቆረጠው? በቆሎው ግማሽ ላይ ሲደርስ ማነው የሚያጠፋው? ኡጁሉ የት ሄደ፣ ዛሬ...» እያሉ ከሰዉ መሐል ገቡ። ያን ጊዜ አዩ። በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። ጥምጣማቸውን ፈትተው ሰጡኝ፤ ነጭ፣ ታጥቦ የተተኮሰ ነበር። ከሻሼ በላይ ደርቤ አሰርኩት። ሽማግሌው ራሳቸውን ገልጠው ሲቆሙ በሕይወቴ ያኔ ነው ያየሁት።

ኡጁሉ የፓምፑን ገመድ ነቅሎ ስልኩን ሰክቶ ኖሮ፣ የሞተ ስልክ እስኪነሣ ድረስ በዚያ በታመመች ፀሐይ እንዴት እንደጠበቀ እሱ ብቻ ያውቃል። ሲመለስ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደወልኩ» አለ። «አምቡላንሱ ሌላ ሕመምተኛ ይዞ ወጥቷል። ሲመለስ ይመጣል፣ እስከ መንገዱ አምጧት አሉ።»

ሁለት ግንድና ብርድ ልብስ አምጥተው ቃሬዛ ሠሩ። የላይኛውም የታችኛውም መንደር ወንዶች እየተፈራረቁ ተሸከሟት። ሳሩ የተቃጠለበትን ሜዳ ስናቋርጥ ከእግራችን ሥር አመድ ይነሣል። እኔ ከጎኗ እጇን ይዤ እሮጣለሁ። ድንገት ዓይኗን ገለጠችና ጆሮዋን ቀጥ አደረገች፤ የሆነ ነገር እንደምትሰማ።

«ፓምፑ አይሰማም» አለች። «ኡጁሉ፣ አጠፋኸው?»

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ለስልክ።»

«ደወልክ?»

«ደወልኩ።»

«እሺ። ሂድ አብራው።»

ኡጁሉ ቃሬዛውን እንደያዘ መለሰላት። «አልሄድም።»

«ኡጁሉ። ሰዓዳ ጋ ውሃው ደርሷል። እኔ ጋ አልደረሰም። ሂድ አብራው።»

 ሸህ ይመር ከኋላ እያለከለኩ ደረሱባትና ጎንበስ አሉ። «እኔ አበራዋለሁ ልጄ» አሏት። «አንቺ ዝም ብለሽ ተንፍሺ። ያንቺ ማሳ ሳይጠጣ አላጠፋውም፣ ወላሂ።» እዚያው ዞሩና ባዶ ራሳቸውን በዚያ ሐሩር ተመለሱ። ትንሽ እንደሄድን ከሩቅ፣ በጣም በስሱ፣ ፓምፑ ሲነሣ ሰማን። አቻን ዓይኗን ጨፈነች።

መንገዱ ዳር አንዲት የግራር ጥላ ሥር አስቀመጥናት። ጠበቅን። አንድ ፒክአፕ መጣ፣ ኡጁሉ መሐል መንገድ ገብቶ እጁን ዘረጋ፤ ጥሩምባውን ነፍቶ ዞሮት አለፈ፣ አቧራውን አለበሰን። ለሾፌሩ የተናገርኩትን አልደግመውም። አንድ ባጃጅ ቆመ፤ ውስጡ በጆንያ ተሞልቷል፣ ልጁ ጆንያዎቹን እያወረደ ሳለ አምቡላንሱ ከሩቅ ታየ።

ከመኪናው የወረደችው ባለሙያ ወጣት ናት። የአቻንን እግር ገለጥ አድርጋ አየችና ወዲያው ለመርፌ ደም ሥር ፍለጋ ክንዷን ያዘች። «መቼ ነው የተነከሰችው?» አለች። ነገርናት። «ለምንድነው ቀድማችሁ ያልደወላችሁት?» አለችን። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ ጥያቄዋ ትክክል ነው።

ኡጁሉና እኔ ከኋላ ገባን። አቻን ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። አንዴ ልጆቿን በስም ጠራች። አንዴ ብርድ ነው አለች፤ ጋምቤላ፣ በዚያ ሙቀት። ልብሴን ደረብኩላት። የከተማው ቆርቆሮ ጣራዎች መታየት ሲጀምሩ፣ «አቻን፣ ደረስን፣ ይኸው ጋምቤላ» አልኳት። እጄን የጨበጠው እጇ እንደያዘኝ ነበር፤ ባለሙያዋ ግን አንገቷን ዳሰሰች፣ እንደገና ዳሰሰች፣ ከዚያ ለሾፌሩ ቀስ በል አለችው። ያን ጊዜ ገባኝ። ኡጁሉ ግን አልገባውም፤ «ለምን ይቀንሳል? ፍጠን በለው፣ ፍጠን በለው» ይላል ትከሻዬን እየነቀነቀ። የነገርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ቀበርናት። የእኛ ወንዶች ቆፈሩ፣ የእነሱ ሴቶች ዘመሩ፤ ከበሮውን ግን ማንም አልነካውም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ። ጋምቤላ ከተማ መሐል ብትሄዱ የውሃ ቢሮ አለ፣ የግብርና ቢሮ አለ፣ የኢነርጂ ቢሮ አለ። የየራሳቸው ሕንፃ፣ የየራሳቸው መኪና። ሲመጡም ለየብቻ ነው የሚመጡት፤ አንዱ ስለ በቆሎ ይጠይቀኛል፣ ሌላው ስለ ቧንቧ፣ ሌላው ስለ ሰሌዳው። እኔ አልጠላቸውም። ግን እኛ ጋ እነዚህ ሁሉ ያሉት በአንድ ገመድ ላይ ነው። ሳሩ ተቃጠለ፣ ፀሐይዋ ደበዘዘች፤ ፀሐይዋ ደበዘዘች፣ ቧንቧው ተዘጋ፤ ቧንቧው ተዘጋ፣ ጓደኛዬ ወንዝ ወረደች። ስልኩም በዚያው ገመድ ላይ ነበር። ማን አጠፋ ብላችሁ ብትጠይቁኝ የምጠቁመው ሰው የለኝም። ቢኖረኝ እንዴት ደስ ባለኝ፤ የምጮህበት ሰው አገኝ ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ማንጎው ሥር ስንሰበሰብ ከኋላ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ተናገርኩ። አንድ ሶኬት ምንም ቢመጣ አይነቀልም። አንድ ቧንቧ ምንም ቢመጣ አይዘጋም። ሳሩ የሚቃጠለው በቆሎው አበባ ሳያወጣ ነው፣ ከሁለቱም መንደር ሽማግሌ ተመርጦ ቀኑን ይወስናል። መቅጃው ደግሞ በየበጋው ይታጠራል፣ አንድም ሴት ባትሄድበት። ሸህ ይመር ጭንቅላታቸውን በእሺታ ነቀነቁ፣ የጠየቀም የተከራከረም የለም። አሁን ኮሚቴ ነኝ። ማንኛውም ነገር ይዘጋ፣ ይቀነስ፣ ይነቀል ሲባል እጄን አወጣና፣ «እሺ፤ ይህ ሲዘጋ ሰው በእግሩ ወዴት ይሄዳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ሰዓዳ ወዴት» ብለው ስም አውጥተውልኛል። ስነሣ ፊታቸውን የሚያጨማድዱ አሉ። ያጨማድዱ። ሙሄ ከዲማ ሲመለስ፣ «ትቻት የሄድኩትን ሴት የት አደረስሻት?» አለኝ፤ ወርቅ አላመጣም፣ ግን አጥር ሲታጠር የመጀመሪያው ግንድ ተሸካሚ እሱ ነው።

ኡጁሉ ፓምፑን አልተወም። ሰዎች ሌላ ሰው ይተካ ሲሉ እምቢ አለ። በበጋ በየማለዳው ፓምፑን ከማብራቱ በፊት መቅጃው ይወርዳል፣ ግንዶቹን አንድ በአንድ ይነቀንቃል፣ የላላውን ያጠብቃል። ማንም እዚያ አይቀዳም። ቢሆንም ያጠብቃል።

አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ልጨርስ ነበር። በቆሎው ያዘ። ሸህ ይመር እንደማሉት የአቻን ማሳ ያን ቀን እስከ ጫፉ ጠጥቷል፤ የመንደሩ ሁሉ ያዘ፣ የእሷ ግን ከሁሉም በለጠ። እሸቱ ሲደርስ ኡጁሉ ሊጠራኝ መጣ። ማሳው ጥግ እሳት አንድዶ ጠብሷል። ልጆቹ እየጋጡ ነው። አንዱን አንሥቶ ዘረጋልኝ። እጄ አልዘረጋ አለኝ።

«አልችልም ኡጁሉ» አልኩት።

«ብይ» አለኝ። እሳቱን እያየ ነው የሚናገረው። «እኔም ትናንት አልቻልኩም ነበር። ከዚያ አሰብኩ። ካልበላነው ለምን ሄደች?»

ተቀበልኩት። ገና ትኩስ ነበር። ቀስ ብዬ፣ እያለቀስኩ፣ እስከ ቆረቆንዳው ጋጥኩት። መራር ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ግን ጣፋጭ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከበላሁት ሁሉ የሚጣፍጥ።